ለሌባ የተባለ አሜን

ሌብነቱ የተሰማው በስልክ ነው። ወሰን አካባቢ ወዳለችው ትንሽ ቸርች ከባህር ማዶ አንዲት ሴት ደወለችና፣ ደስ የሚል ወሬ የምታበስር መስሏት፣ «መስማት ለተሳናቸው ልጆች መማሪያ ክፍል የላክነው ገንዘብ ደረሳችሁ ወይ? በነገራችሁን አዲሱ የባንክ ሒሳብ ነው ያስገባነው» አለች። ስልኩን ያነሳችው የቸርቿ ጸሐፊ ጊፍቲ ነበረች። ቸርቿ ግን አዲስ የባንክ ሒሳብ ከፍታ አታውቅም።

ሴትዮዋ አልተሳሳተችም። ሒሳቡ ተለውጧል የሚለው ደብዳቤ የወጣው ከቸርቿ ከራሷ ኢሜይል ነው፤ ሰላምታው፣ ማህተሙ፣ ፊርማው ሳይቀር ያው ነው። ገንዘቡ የገባው ግን ጊፍቲ ስሙን ሰምታው በማታውቀው አገር፣ በማይታወቅ ሰው ስም ነው። ለክፍሉ መሠረት የተቆፈረው ጉድጓድ ቸርቿ ግቢ ውስጥ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ነገሩ ኢንስፔክተር ዘነበ እጅ ገባ። ዘነበ የመኪና እስፖኪዮ ነቃይና የሞባይል መንታፊ በማሳደድ ያረጀ መርማሪ ነው። ሌባ ሲባል እግር ያለው፣ ሮጦ የሚያመልጥና ላብ ላብ የሚሸት ነገር ነው የሚመስለው። በሽቦ ውስጥ ገብቶ የሚሰርቅ ሌባ ሲገጥመው ግራ ገባው፤ ግራ የገባው ደግሞ እንዳይታወቅበት ፊቱን አጠቆረ።

«ፓስወርዱን ማን ማን ያውቀዋል?» ብሎ ጠየቀ፣ የቸርቿ ቢሮ ውስጥ ቆሞ።

«እኔና አባባ ጉደታ» አለች ጊፍቲ።

አቶ ጉደታ የቸርቿ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ነጭ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው የተቆለፈ፣ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ዝም የሚልላቸው ሰው ናቸው።

«እኔ የድሮ ሰው ነኝ፣ ልጄ» አሉ ለዘነበ። «ያንን ዕቃ አልነካውም። ፓስወርድ የምትሉትን ጽፋ ሰጥታኝ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነው ያለው። ብትፈልግ እየው።»

ዘነበ አላየውም። እንዲህ ያለ ሽማግሌ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እጁን መክተት ነውር መሰለው።

«ፓስወርዱ በቅርቡ ተለውጧል አሉ» ብሎ ወደ ጊፍቲ ዞረ። «ማን ለወጠው?»

«እኔ።»

«ሴትዮዋ ከመደወሏ በፊት?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ጊፍቲ አቶ ጉደታን አየቻቸው። አቶ ጉደታ መስኮቱን አዩ።

«እንዲሁ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

ይህች «እንዲሁ ነው» ናት ያሳሰረቻት። ሁለት ሰው ከሚያውቀው ቁልፍ አንደኛው የተከበረ ሽማግሌ እጅ፣ ሌላኛው የሃያ አምስት ዓመት ልጅ እጅ ሲሆን፣ መርማሪ የሚይዘው የቀለለውን ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? ዘነበ ዳውላውን ያዘና ወደ ጣቢያ ወሰደው።

ለጊፍቲ ከእስሩ ይልቅ የከበዳት ሌላ ነበር። የአቶ ጉደታ ልጅ ክርስቲያን እጮኛዋ ነው። ጋብቻቸው በቸርቿ በይፋ ታውጆ፣ ተቃውሞ ያለው ይናገር ተብሎ፣ ማንም ሳይናገር የሠርጉ ቀን ተቆርጦ ነበር። እሷ በታሰረች ማግስት ግን የጉደታ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ ጋብቻውን ሊያፈርስ ነው የሚለው ወሬ ውኃ ገና ባልገባበት የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ወጥቶ እናቷ የወይዘሮ ዘውድነሽ በር ደረሰ። ወይዘሮ ዘውድነሽ በየቀኑ ሁለት ታክሲ ተሳፍረው ለልጃቸው ምግብ ያመጣሉ። ዘነበን ሲያዩት አይሰድቡትም፣ አይለምኑትም፤ አንገታቸውን ደፍተው ያልፉታል። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

*

ዘነበ ሌላ ተጠርጣሪም ነበረው። ክብረት ይባላል፤ ወሰን ታክሲ መቆሚያው አጠገብ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለው። የቸርቿን ኢሜይል መጀመሪያ የከፈተው እሱ ነው፤ በሸጠላቸው ኮምፒውተር ተጣልተውም ነበር።

«እኔን?» አለ ክብረት፣ ሸሚዙን ወደ ላይ ገልቦ። ሆዱ ላይ ያልደረቀ ስፌት ነበር። «ያን ሳምንት ሙሉ ትርፍ አንጀቴን አስወጥቼ ተኝቼ ነበር። ሐኪሞቹን ይጠይቁ። ደግሞ እኔ ብሰርቅ በዚህ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ?» ወንበሩ እውነትም በሽቦ የታሰረ ነው።

ዘነበ ሐኪሞቹን ጠየቀ፤ እውነት ነው። ስለዚህ በማግስቱ የፍርድ ቤት ፈቃድና ጊፍቲ ያለ ማቅማማት የሰጠችውን አዲሱን ፓስወርድ ይዞ ያንኑ ሰው ሊለምን ተመለሰ። ክብረት ይህን አላለፈውም፤ ሻይ አስመጥቶ፣ እግሩን አነባብሮ፣ እንደ መምህር ጀመረ።

«ኢሜይሉ ማን ከየት እንደገባ ይመዘግባል። ይኸው፣ ሐሙስ ጠዋት ከዚህ ከቸርቹ ቢሮ ተገብቷል። ሐሙስ ከሰዓት ግን ከውጭ አገር ነው የተገባው። የባንክ ሒሳብ ተለውጧል የሚለው ደብዳቤ ሐሙስ ማታ ከዚያው ወጣ። አርብ ፓስወርዱ ተለወጠ። ከአርብ በኋላ የውጩ ሰው ሞክሮ፣ ሞክሮ፣ አልቻለም።»

ዘነበ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ማለት... ሌባውን ያባረረው የአርቡ ነው?»

«እንዴታ። በሩን ዘጋበት። ብቻ ጅብ ከሄደ ነው፤ ደብዳቤው ወጥቷል።»

በሩን የዘጋችው ጊፍቲ ናት። ዘነበ ያሰራት ደግሞ በሩን ስለዘጋች ነው። ሐፍረቱ ከጆሮው ጀምሮ ወረደ፤ ክብረት እንዳያየው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ። የታሰረ ክር ነበር።

«ሌባውስ እንዴት ገባ?»

ክብረት የተሰረዙ መልእክቶች የሚጠራቀሙበትን ቆሻሻ መጣያ ከፈተ። ሁለት መልእክት ወጣ። የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ፣ «የተወደዳችሁ አገልጋዮች፣ ሥራችሁ ለታላቅ ድጋፍ ተመርጧል፤ ሰነዱን ለማየት እዚህ ይግቡ» ይላል። ክብረት ተጠንቅቆ ገጹን ከፈተው። የሚታየው የኢሜይሉ መግቢያ ራሱ ነው።

«ያው አይደለም እንዴ?» አለ ዘነበ።

«ያው ነው የሚመስለው። ቀለሙ፣ ምልክቱ፣ ሁሉም። ከላይ አድራሻውን ያንብቡት እስቲ።»

ዘነበ አነበበ። የማይገናኝ ቃልና ቁጥር የተቀጣጠለበት ረጅም ነገር ነው።

«የእርስዎን ቤት በር አስመስሎ ሠርቶ ሌላ ሰው አጥር ላይ ገጠመው ማለት ነው። እርስዎ ቁልፉን ሲያስገቡ በሩ አይከፈትም፤ ቁልፉን ግን ይቀዳዋል። ለዚህ ነው በተላከ ሊንክ አይገባም የምንለው። የራስን አድራሻ ራስ ጽፎ መግባት ነው። ፈረንጆቹም ቢሆኑ የባንክ ሒሳብ ተለወጠ ሲባሉ በድሮው ቁጥር አንድ ስልክ ቢደውሉ ምን ነበረበት? ለመሆኑ የእርስዎ ፓስወርድ የሞባይል ቁጥርዎ ነው አይደል?»

«ወደ ሥራችን» አለ ዘነበ ቆጣ ብሎ። ፓስወርዱ ግን እውነትም የሞባይል ቁጥሩ ነበር።

ሁለተኛው መልእክት ለመጀመሪያው የተሰጠ መልስ ነው። እሱም በእንግሊዝኛ፣ ከዳር እስከ ዳር በትልልቁ ፊደል ብቻ የተጻፈ ነው። «አሜን። ስንጠብቃችሁ ነበር። ጌታ አስቀድሞ ነግሮናል። ትሑት አገልጋያችሁ በመሆኔ ክብር ይሰማኛል።»

ክብረት ሳቀ። «ለሌባ አሜን ይባላል? ደግሞ አጻጻፉ! ኢሜይል ነው ቴሌግራም?»

ዘነበ አልሳቀም። የተላከበትን ሰዓት ገለበጠ፤ ሐሙስ ጠዋት ነው። ጊፍቲ ሐሙስ ጠዋት የት ነበረች?

*

ይህን የሚያውቀው ክርስቲያን ነበር። መገናኛ አንድ ሕንፃ ላይ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ፖሊስ ሲያይ ባልደረቦቹ እንዳይሰሙ ዘነበን ጎትቶ ወደ ደረጃው አወጣው። ታች ባቡሩ እየተንቀራፈፈ ወደ አያት ያልፋል።

«ሐሙስ ጠዋት ጊፍቲ የት ነበረች?»

«ከእኔ ጋር። ፒያሳ ወርቅ ቤት ቀለበት እየለካን ነበር። ከሰዓት ነው ቢሮ የገባችው።»

«ወርቅ ቤቱ ይመሰክራል?»

«አዎ፣ የወርቅ ቤቱ ሰውዬ ያውቀናል።»

«ታዲያ መጥተህ አትናገርም?»

«ሐሙስ የተፈጸመ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ማንም አልጠየቀኝም።» ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባዬ ነገሩ እስኪጣራ አትሂድ አለኝ። ሰው ምን ይላል...»

«አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅካትም?»

ክርስቲያን የአንገት ባጁን በጣቱ አሽከረከረ። ዘነበም አልጨመረበትም፤ እሱ ራሱ ያሰራትን ልጅ ለምን አልጠየቅክ ብሎ ሌላውን መቆጣት ከየት አባቱ ይመጣል?

*

«ጌታ አስቀድሞ ነግሮናል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ዘነበን አላስተኛውም። ቸርቿን ከምትጠርገው ሴት እንደሰማው፣ ከዚያ ሐሙስ በፊት በነበረው የረቡዕ ጾም ጸሎት ላይ እንግዳ አገልጋይ መጥቶ ነበር። ወንድም ጌድዮን ይባላል። ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ከሩቅ አገር ለዚህ ቤት በር ይከፈታል» ብሎ ተናግሯል። ረቡዕ ተነገረ፣ ሐሙስ በሩ በኢሜይል መጣ። ዘነበ እንዲህ ያለ መገጣጠም አይወድም። ነቢዩና ሌባው አንድ ሰው ናቸው ብሎ ቆረጠ።

ጌድዮን ስልኩን ዘግቶ ለጸሎት እንጦጦ ወጥቷል ተባለ። ዘነበ በፈረንሳይ በኩል እስከ መንገዱ መጨረሻ በመኪና፣ ከዚያ ባሕር ዛፉን እየያዘ በእግሩ ወጣ። ትንፋሹ እንደ ወናፍ ነበር። ጌድዮን ጋቢ ተከናንቦ ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ ፊቱ በጾም ገርጥቷል።

«ነገው ይታይዎታል ይባላል» አለ ዘነበ ሳይቀመጥ። «እኔ እንደምመጣ አልታየዎትም?»

«አልታየኝም» አለ ጌድዮን በትሕትና።

«ኢሜይሉን ማን ነው የላከው?»

«የምን ኢሜይል?»

ዘነበ ነገረው። ጌድዮን እየሰማ ጋቢውን አጠበቀ። ከዚያ ዘነበ ያልጠበቀውን ተናገረ።

«ኢንስፔክተር፣ እውነቱን ልንገርዎት። ‹ከሩቅ በር ይከፈታል› የሚለውን ያን ቀን ብቻ አይደለም የተናገርኩት። በሄድኩበት ቸርች ሁሉ እናገረዋለሁ። ሰው ያለቅሳል፣ ይጽናናል። አንዳንዱ ይሆንለታል። መጀመሪያ ስናገረው የእውነት ሰምቼው ነበር፤ ኋላ ግን ለመደብኝ። እዚህ የወጣሁት በዚህ ነገር ንስሐ ልገባ ነው።»

ዘነበ ያን «የተወደዳችሁ አገልጋዮች» የሚል መልእክት አስታወሰ። ክብረት እንዳለው ያው መልእክት ለሺህ ሰው ይላካል፤ አንዱ አሜን እስኪል ነው። ይህን ግን ለጌድዮን አልነገረውም። የተጎዳ ሰው ላይ መጨመር መሰለው።

«ምን ነገር ወደ ንስሐ አመጣዎት?»

«አንድ ሰው ሐሙስ ዕለት ደወለልኝ። ‹ወንድሜ፣ የተናገርከው መጣ!› ብሎ በደስታ አለቀሰ። ኋላ ደግሞ ደወለ። ማታለል ነበር፣ ምን ልበላቸው አለኝ። እኔ... የተናገርኩት መሳቂያ እንዳይሆን ፈራሁ። ዝም በል፣ ጸልይ አልኩት።»

«ስሙ ማነው?»

«ራሱ ይናገር። እኔ አሳልፌ አልሰጠውም።»

«እሱ ዝም ባለ ጊፍቲ ታስራለች።»

ጌድዮን ብድግ አለ። ጋቢው ከትከሻው ወደቀ።

«ጊፍቲ? የገዛ ምራቱን?»

ባሕር ዛፉ ውስጥ ነፋስ አለፈ። ዘነበ ጥያቄ አልጨመረም። ጌድዮንም አፉን በእጁ ያዘ፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

*

ዘነበ ወሰን አቶ ጉደታ ቤት ሲደርስ ሁለት ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር። አቶ ጉደታ ኮታቸውን ለብሰዋል። የት ሊሄዱ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ወደ የካ አባዶ፣ የጋብቻውን ቃል ሊመልሱ ነው።

«ለብቻችን ብንነጋገር ይሻላል፣ አቶ ጉደታ።»

«ከእነዚህ ወንድሞች የምደብቀው የለኝም።»

ዘነበ ያሳተመውን መልእክት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ የድሮ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ወጣቱ ጉደታ በክራቫት፣ እጃቸውን የቴሌግራሙ መምቻ ላይ አድርገው፣ ከድሮው ቴሌ የቴሌግራም ክፍል ባልደረቦቻቸው ጋር።

«ይህን የጻፈውን ሰው እየፈለግኩ ነው» አለ ዘነበ ረጋ ብሎ። «ከዳር እስከ ዳር በትልቁ ፊደል ነው የጻፈው። የኮምፒውተር ሰዎቹ ሲያዩት ሳቁበት፤ መጻፍ የማይችል ሰው ነው አሉ።»

«ቴሌግራም በትንሽ ፊደል አይጻፍም» አሉ አቶ ጉደታ።

ቃሉ ካፋቸው ወጥቶ አለቀ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ጉደታ የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ፣ መልሰው ቆለፉ፣ ተቀመጡ።

«ሐሙስ ጠዋት ልጅቷ አልነበረችም» ብለው ጀመሩ። «ጌታ ደብዳቤ ይልካል የሚል ነገር ሌሊቱን ሙሉ በልቤ ነበር። ጾም ይዤ ነበር። ቢሮ ገብቼ ኢሜይሉን ከፈትኩት። ደብዳቤው አለ! ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ከዚያ ወረቀቷን ከመጽሐፍ ቅዱሴ አውጥቼ ፓስወርዱን ጻፍኩ። ያስገባኝ አያስገባኝ አላወቅኩም፤ እኔ ግን መልስ ጻፍኩ። ከእግዚአብሔር መጣ ብዬ ለሌባ አሜን አልኩት!»

«ለምን አልተናገሩም?»

«እንዴት ብዬ? ሰብሳቢው ተታለለ ይባል? ጸሎታችንን ሌባ መለሰው ይባል? እነዚያ ልጆች አፍ የላቸውም፤ ክፍላቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ በየትኛው ፊቴ?»

«ጊፍቲስ?»

አቶ ጉደታ ወረቀቱን ገልብጠው በእጃቸው ሸፈኑት።

«አርብ ጠዋት ደስታዬን ላካፍላት አሳየኋት። ፊቷ ተለወጠ። ‹ግድ የለም አባባ፣ እኔ አየዋለሁ› አለችኝ። ገባኝ። እንደገባኝም ገባት። ሰው እንዳያየው የጠረገችልኝ እሷ ናት።»

«እኔ ለምን ለወጥሽው ብዬ ስጠይቃት አየችዎት።»

«አየችኝ።»

«እርስዎስ?»

«መስኮቱን አየሁ» አሉ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ሌላኛው ከእሳቸው ጋር ቀረ፤ ወደ ጣቢያ ሲሄዱም መኪና ውስጥ ከጎናቸው ተቀመጠ።

*

አቶ ጉደታ ቃላቸውን ሰጡ። ሌባው የት እንዳለ ማንም አላወቀም፤ መዝገቡ ወደ በላይ አካል ተላከ፤ ከባህር ማዶም ገንዘቡን ለማስመለስ እንሞክራለን የሚል ተስፋ የሌለው መልስ መጣ። ሌባው በጣቢያው በኩል የሚያልፍ አይነት አልነበረም።

ጊፍቲን ይዞ የወጣው ራሱ ዘነበ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆመ። «ይቅርታ» የምትለዋን ቃል ፈልጎ ጥያቄ ሆና ወጣችበት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት እሳቸው ተዋርደው እኔ እወጣ ነበር» አለች። ድምፅዋ ደርቋል። «ራሳቸው ቢናገሩ ግን ሁለታችንም እንወጣ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር መጡ እል ነበር።»

«እኔ ደግሞ ቸኩዬ...»

«አዎ» አለችው፤ አላገዘችውም።

ግቢው ውስጥ አቶ ጉደታ ቆመው ነበር። ስታያቸው ሊያነጋግሯት አልቻሉም፤ በነጭ ሸሚዛቸው አቧራው ላይ ተንበረከኩ። በረኛው ፖሊስ ፊቱን አዞረ። ጊፍቲ ሮጣ ብብታቸውን ይዛ አነሳቻቸው።

«ይነሱ አባባ፤ እባክዎ ይነሱ። ይቅር ብያለሁ።»

«አትበይ፣ ልጄ! ቶሎ አትበይ!»

«ብያለሁ። እሁድ ለሕዝቡ ራስዎ ይናገሩ፤ ለልጆቹ ወላጆችም። እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ።»

አቶ ጉደታ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ክርስቲያን ከአጥሩ ውጭ መኪና አቁሞ ገባ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ የሴት ሹራብም ይዟል፤ ይበርዳታል ብሎ ነው። ፈገግ ለማለት እየሞከረ ቀረበ።

«ጊፍትዬ፣ ነይ እንሂድ። አለቀ እኮ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሠርጋችንም...»

ጊፍቲ ሹራቡን አልተቀበለችም። ቆማ አየችው፤ ቁጣ የለባትም፤ የማታውቀውን ሰው ለመለየት እንደምትሞክር ነበር የምታየው።

«አባትህስ አፍረው ነው ያልመጡት» አለችው። «አንተስ?»

ክርስቲያን አባቱን አየ። አባቱ መሬቱን አዩ። እንደ ዘወትሩ ምግብ ይዘው የመጡት ወይዘሮ ዘውድነሽ ዘንቢላቸውን በአንድ እጃቸው፣ ልጃቸውን በሌላው ይዘው ወደ ታክሲው ሰልፍ ሄዱ። ዘነበ ጊፍቲን ሊሰናበታት እጁን አንስቶ ነበር፤ ዞር ብላ እሱንም «እርስዎስ?» እንዳትለው ፈራና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው።